ዶክተር ሆኜ ዶክተር ልሆን

እናንተዬ፣ «ዶክተር» የሚባለው ቃል ስንት ሰው አሳስቷል መሰላችሁ! ፈረንጁ ዶክተር መሆንሽን ሲሰማ ቆም ብሎ «የምን?» ይላል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ የለውም። «ዶክተር ናት» ካሉት በኋላ ቀጥሎ የሚያወጣው የራጅ ፊልሙን ነው።

እኔ ዶክተር ከሆንኩ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኢሚዩኖሎጂ ፒኤችዲዬን ይዤ ወጣሁ። እዚህ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከሰውነታችን ወታደሮች ጋር እንዴት ድብብቆሽ እንደሚጫወት ሳጠና ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ፖስት ዶክ። ከዚያ ደግሞ በ33 ዓመቴ የሕክምና ትምህርት ቤት አንደኛ ዓመት ተማሪ። አዎ፣ ከ«ሀ»። አሁን ሁለተኛውን ዓመት እያገባደድኩ ነው።

ይህን ስናገር ሰው ከሁለት ፊት አንዱን ያሳየኛል። አንዱ የለቅሶ ቤት ፊት ነው፤ «ውይ፣ ፒኤችዲው አልሆን አለሽ?» ሌላው የሠርግ ቤት ፊት ነው፤ «እሰይ! አሁን ገና ዶክተር ልትሆኚ ነው!» የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ አንድ ነገር እንደነበረኝ ያውቃል። ሁለተኛው ግን ስድስት ዓመቴን እንደ መሰናዶ ትምህርት ነው የሚቆጥረው። እንግዲህ ዛሬ ለሁለቱም መልስ ልስጥ። ከአዲስ አበባ «እኔም አስቤያለሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» እያላችሁ ለምትጽፉልኝም ይሁን።

ከሠርግ ቤቱ ልጀምር። ዶክተር አክሊሉ ለማን የማያውቅ ካለ ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብለው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ያጠበውን ሰው ሁሉ ያየውን ነገር እሳቸው አይተው «ለምን?» አሉ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸውም ከዚያች ጥያቄ ወጣ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። የእሳቸው ዶክተርነት የምርምር ዶክትሬት ነው፤ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ። ስቴቶስኮፕ አንጠልጥለው ዋርድ የዞሩ ሰው አልነበሩም። እስቲ «ገና ያልሆኑ ዶክተር» በሏቸው!

ስለዚህ የተውኩት ያነሰ ነገር ስለነበረ አይደለም። ደግሞም አልተውኩትም፤ እሱን እመጣበታለሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ የሠራሁበት ዓይነት ላብ ውስጥ በሽተኛ የለም። ቁጥር ነው ያለው። ከክሊኒክ የሚመጣልን የደም ሴል በትናንሽ ቱቦዎች ተሞልቶ፣ በደረቅ በረዶ ታሽጎ፣ ባርኮድ ተለጥፎበት ነው። ስም የለው፣ ሠፈር የለው። ይኼ ሕግ ነው፣ ተገቢም ነው፤ የሰው ምስጢር ይጠበቃል። ከነዚህ ቁጥሮች አንዱን 47 እንበለው (የእውነተኛው ቁጥር አይደለም)። የ47 ሴሎች እንደ ሌሎቹ አልሆን አሉ። ሌሎቹ ቲቢውን ሲያዩ እንደ ውሻ ይጮኻሉ፤ የሱዎቹ አንዴ ከልክ በላይ ይጮኻሉ፣ አንዴ ይተኛሉ። ኬሚካሉን ቀየርኩ። ሌላ ቱቦ አቀለጥኩ። ማሽኑን አስፈተሽኩ። ስድስት ወር።

በሰባተኛው ወር ክሊኒኩን የምትመራው ሐኪም ስብሰባችን ላይ ተገኘች። ግራፉን አሳየኋት። ቡናዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «እሱማ ስኳሩ አልወርድ ያለው ሰውዬ ነው፤ ዳታችሁ ላይ የለም እንዴ?» አለች። የለም። ለዚያ ጥናት ስኳር እንዲመዘገብ ማንም አልጠየቀም ነበር። ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሁለት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ታውቆ የኖረ ነገር ነው፤ ለኔም አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነብኝ እሷ ይህን ያወቀችው «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለህ?» ብላ ስለጠየቀችው መሆኑ ነው። የኔ ማሽን ዋጋው የቤት ዋጋ ነው፤ ያቺን ጥያቄ ግን አይጠይቅም።

«ለመሆኑ ዳነ?» አልኳት።

«ጠፋብን። መድኃኒቱን ሳይጨርስ። ስልኩም አይነሳም።»

ሴሎቹ ግን አሉ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበት ታንክ ውስጥ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ። እኔ ያን ሰውዬ ከእናቱ በላይ በውስጡ አውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ቢያልፈኝ ግን አልለየውም። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ታንክ ሲከፈት የሚወጣው ጭስ ደስ አላለኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ የናቴ ዘመድ፣ ጋሼ እያልኩ ያደግሁባቸው፣ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። በዋትስአፕ፣ ቪዲዮውን አጥፍተው።

«የኔ ልጅ፣ ለሰው አልተናገርኩም። ሽንቴ ደም መስሏል።»

«ጋሼ፣ አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል እንዴ?»

ዝም። ከዚያ ሳል። ከዚያ «የሳንባ» አሉ ቀስ ብለው።

ሳምንታቸው ነበር። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካንማ ወይ ቀላ ያለ ያደርጋል። በራሱ ጉዳት የለውም። ጤና ጣቢያ ነግረዋቸው ይሆናል፤ «ያን ቀን ቲቢ ነው ሲሉኝ ሌላውን ምኑን ሰማሁት» አሉኝ። ሊያቆሙት ነበር። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲያሳዩ፣ ዓይናቸው ብዥ ካለም እንዲናገሩ (ኤታምቡቶል የተባለው ሌላው ክኒን ዓይን ይነካል) ለመንኳቸው። ሄዱ። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት፤ ስድስት ወሩን ጨረሱ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ሪፋምፒሲን ስንት ቦታ እንዳለ አልቆጠርኩትም። የትኛውን ፕሮቲን አንቆ እንደሚይዝ፣ ባክቴሪያው የትኛዋን ፊደል ቀይሮ እንደሚያመልጠው፣ ሁሉም አለ። ስለ ሽንት ቀለም አንድ መስመር የለበትም። መኖርም የለበትም፤ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለሌላ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም ጥያቄ መጠየቅ ፈለግሁ። 47ን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለ ሌሊቱ ልጠይቀው፣ ከዚያ ላብ ሄጄ ሴሉን ልየው። ፍላጎቴ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። «ፒኤችዲ ስላለሽ ስንት ዓመት ቀነሱልሽ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። ዜሮ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ፒኤችዲ ኖረህም አልኖረህም አራቱን ዓመት ያስቆጥሩሃል። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ የሳይንስ ፒኤችዲ ያላቸውን ተቀብሎ በሁለት ዓመት ሐኪም ያደርግ ነበር፤ ተዘግቷል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ሰዎች የሦስት ዓመት በር ከፍቷል። ጥቂት ስል ጥቂት ነው።

መግቢያ ፈተናው ኤምካት ይባላል። ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ያቆይሃል፤ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው (ለምን ከ0 እስከ 100 እንዳልሆነ አትጠይቁኝ)። ፒኤችዲ ያለው ሰው ባዮኬሚስትሪውን አይፈራም። ጉድ የሚሠራው 11ኛ ክፍል ላይ የተሰነባበትነው የሌንስ ቀመር ነው። ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ የተወሰደ የዲግሪ ኮርስ ካላዩ ማመልከቻህን አያነቡም። የኔ የመጀመሪያ ዲግሪ የአራት ኪሎ ነው። ስለዚህ ቀን ላብ፣ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከ19 ዓመት ልጆች ጋር ጀነራል ባዮሎጂ። አስተማሪው ደግ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ «ፒፔት ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት።

እዚህ ላይ ግን ሆዴን የሚቆርጠኝ ነገር ይኼ አይደለም። ልብ አድርጉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች የሚሉት፣ ከ1964 ጀምሮ (ዶክተር አክሊሉ እንዶዱን ባዩበት ዓመት፣ በነገራችን ላይ) ሐኪምም ተመራማሪም የሚሆኑ ሰዎችን የሚያሠለጥን ፕሮግራም ይደግፋል። ተማሪው ሁለት ዓመት ሕክምና ይማራል፣ መሐል ላይ ፒኤችዲውን ይሠራል፣ ተመልሶ ሁለት ዓመት ሕክምና ይጨርሳል። ስምንት ዓመት ገደማ። የትምህርት ክፍያው ይከፈልለታል፣ የወር መተዳደሪያም ያገኛል። በዚያ ፕሮግራም የሚመረቅ ልጅ ኤምዲና ፒኤችዲ ይዞ ይወጣል። እኔም ኤምዲና ፒኤችዲ ይዤ እወጣለሁ። እሱ ያለ ዕዳ፣ እኔ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር ዕዳ። ልዩነታችን ምንድነው? እሱ በ22 ዓመቱ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። እኔ በ22 ዓመቴ ማይክሮስኮፕ በወረፋ ነበር የማየው። ሥርዓቱ የሚሸልመው ሁለቱን ሙያ መያዝን ሳይሆን ቀድሞ ማወቅን ነው፤ ቀድሞ ማወቅ ደግሞ በአብዛኛው ቀድሞ የነገረህ ሰው ከመኖሩ ነው።

ተራውን ገልብጦ የሠራ ታዋቂ ሰው የለም ማለት አይደለም። ፍራንሲስ ኮሊንስ በ1974 ከዬል በፊዚካል ኬሚስትሪ ፒኤችዲ ይዞ፣ በ1977 ከኖርዝ ካሮላይና ሐኪም ሆኖ ወጣ። የሲስቲክ ፋይብሮሲስን ጂን ካገኙት አንዱ እሱ ነው (1989)፤ የሰውን ጂኖም የማንበቡን ሥራ መራ፤ ከ2009 እስከ 2021 ኤንአይኤችን ራሱን መራ። ሰው ሊያጽናናኝ ሲፈልግ እሱን ይጠራልኛል። አመሰግናለሁ። ግን ኮሊንስ ሕክምናውን ሲጨርስ 27 ዓመቱ ነበር። እኔ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ልሁን ካልኩ አራት ዓመት ትምህርት፣ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ስፔሻሊቲው አለብኝ። 42 ዓመት። አስሉት።

ገንዘቡንም በግልጽ ልናገር፤ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይሸፋፍናል። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች አራቱ ዓመት ከነኑሮው ከ300 ሺህ ዶላር ያልፋል። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከ2018፣ የአልበርት አንስታይን ኮሌጅ ከ2024 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም። የአንስታይኑ ሩት ጎተስማን የተባሉ ሴት በሰጡት አንድ ቢሊዮን ዶላር ነው። እኔ የገባሁት ከሁለቱ ባንዱም አይደለም፤ ምክንያቱን እነሱን ጠይቁ። እኔ በብድር ነው የምማረው። የመንግሥት ብድር ደግሞ ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ነው። ከአዲስ አበባ ለምትጽፉልኝ እውነቱን ልንገራችሁ፦ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ተማሪ አይቀበሉም፤ ከሚቀበሉት ውስጥም የአራቱን ዓመት ገንዘብ አስቀድመህ አሳይ የሚሉ አሉ። ብድሩም ጠቧል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር ዘግቶ፣ ለሕክምና ተማሪ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ጣሪያ አበጅቷል። አስቀድሜ የጀመርኩ ስለሆነ አሮጌው ሕግ ለጊዜው ያስጠልለኛል። ከኋላዬ ለሚመጣው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ተቋማት የሳይንስና የጤና ዲግሪ ያላቸውን ተቀብላ ሐኪም ማድረግ መጀመሯን አስታውሱ፤ ከናንተ መሐል በዚያ መንገድ የመጣ ይኖራል። ወደዚህ ከማየታችሁ በፊት እዚያ ያለውን አጣሩ።

በ2024 ከላብ ስወጣ ጓደኞቼ አብደሻል አሉኝ። በ2025 መንግሥት ብዙ የምርምር ገንዘብ ሲያቋርጥ ደግሞ «ሸቶሽ ነው!» አሉኝ። ምንም አልሸተተኝም። እነሱ ጎበዝ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ አንዷ አሁን የመድኃኒት ሽያጭ ላይ ናት።

የቤቱ ነገር ይከብዳል። ፖስት ዶክ ሳለሁ ደመወዜ ብዙ ባይሆንም (የኤንአይኤች መነሻ በ2024 በዓመት 61 ሺህ ዶላር ገደማ ነው) ለእናቴ የግፊት መድኃኒትና ለቤት ኪራይ እልክ ነበር። አሁን የምልከው ከብድር ላይ ቆንጥሬ ነው፤ እሱም በበዓል በበዓል። ሸክሙ ታናሽ እህቴ ላይ ወደቀ። እሷ ባንክ ትሠራለች፤ ማስተርስ መማር ትፈልግ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ስልክ ላይ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ትለኛለች፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ብድሩን ስከፍል የሷን ከማን ጋር እንደምተሳሰብ አላውቅም።

እናቴ ግን አስገረመችኝ። «ትምህርቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለ አያቴ አወራችኝ። አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዜማ ጨርሰው፣ ሰው «መሪጌታ» እያለ ሲጠራቸው፣ አኩፋዳቸውን መልሰው አንጠልጥለው ቅኔ ቤት ሄዱ። እዚያ ማንም አያውቃቸውም። ከልጆቹ እግር ሥር ተቀምጠው እንደ አዲስ ለምነው ተማሩ። «ውሻው እንኳ እንደ አዲስ ተማሪ ነው የነከሳቸው» አለችኝ። ቤተሰባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ እኔ በኮሊንስ ስጽናና መክረሜ!

ትምህርቱስ? አናቶሚው ከባድ ነው፤ ማስታወስ ማስታወስ ማስታወስ፣ በ23 ዓመት ልጆች ጭንቅላት ልክ የተሰፋ። ከበሽታ መከላከያው ክፍለ ጊዜ በቀር ፒኤችዲው ብዙም አይታደግም። እንዲያውም አንዳንዴ ያስቸግራል። የምርምር ሰው ደመወዙን የሚያገኘው በመጠራጠር ነው፤ «እስካሁን ያለን መረጃ አይበቃም» ማለት ላብ ውስጥ ጨዋነት ነው። ሐኪም ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በማይበቃ መረጃ፣ መስጠት ወይም አለመስጠት አለበት። አስተማሪያችን በሽተኛ ሳቀርብ ሰዓቱን እያየ «ሌሎች አምስት አማራጮች እንዳሉ ገብቶኛል፤ አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ይለኛል። እዚህ ጥያቄ ላይ ላቤ ይመጣል። የክፍል ጓደኞቼ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ ግማሹን ጊዜ ይሳሳታሉ፣ ይታረማሉ፣ ይቀጥላሉ። እኔ ከስድስት ወር ወደ ስድስት ደቂቃ ለመውረድ እየተለማመድኩ ነው።

ባለፈው ክሊኒክ ውስጥ አንዲት የእኛ እናት ገጠሙኝ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ደንቡ ተማሪ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም። ሰላምታ ግን አይከለከልም። በአማርኛ ጤና ይስጥልኝ ስላቸው ዘወር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሐኪም ነሽ?»

«ተማሪ ነኝ፣ እማማ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

አስተርጓሚው ስልኩ ላይ ሳቀ፤ ከዚያ ሥራው ስለሆነ ለሐኪሙ ተረጎመለት። ሐኪሙ ሳይስቅ «ሌሊት እንቅልፍ እንዴት ነው በያቸው» ሲል ወደ ስልኩ ጠቆምኩት። እሳቸው ግን የመለሱት እኔን እያዩ ነበር፤ ረጅም መልስ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ምድር ቤቱ ብርድ፣ ስለ ሳላቸው። አንዱንም ማሳጠር አልቻልኩም። ሁሉንም ጻፍኩት።

በሐምሌ ዋርድ እገባለሁ። መጀመሪያ የደረሰኝ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል መገኘት አለብኝ። የድሮ አለቃዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ላብ እንድመጣ ቁልፉን አልወሰደብኝም፤ ቱቦዎቹም በቦታቸው አሉ። ለእናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በዚያ ሌሊት ቁርስ ይሰጧችኋል?»